ዓርብ ከቦርሳ የወጣው ወረቀት፦ የቅኝ ግዛት ዘመን የጽሑፍ ፕሮጀክት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸውን አንደኛ ደረጃ የሚያስተምሩ አንባቢዎቻችን ሰሞኑን ከላኩልን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ስለተገናኙ፣ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል። ካሊፎርኒያ በአምስተኛ፣ ቨርጂኒያ በአራተኛ ክፍል የቅኝ ግዛት ዘመንን፣ ማለትም በኋላ አሜሪካ የሆኑት አሥራ ሦስት ቅኝ ግዛቶች በእንግሊዝ ሥር የነበሩበትን ጊዜ፣ ታስተምራለች፤ ሌሎቹም ስቴቶች በአብዛኛው ከዚህ ብዙ አይርቁም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አምስተኛ ክፍል ያለች ልጄ ዓርብ ዓርብ ከምታመጣው ፎልደር ውስጥ «የክፍላችን ዜና» የሚል አንድ ገጽ ይገኛል። በዚህ ሳምንት «የቅኝ ግዛት ፕሮጀክት ጀምረናል፤ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቅኝ ግዛት ይመርጣል፤ ረቂቁ በሁለት ሳምንት፣ የመጨረሻው ጽሑፍ ከአንድ የእጅ ሥራ ጋር በአራት ሳምንት ይገባል» ይላል። ሌላ ማብራሪያ የለውም። ከየት ልጀምር? — እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ያንብቡት፤ አንዴ ለቀኖቹ ብቻ፣ አንዴ ለሥራው። የክፍል ዜና ለወላጆች ሁሉ በአንድነት የሚጻፍ ስለሆነ የፕሮጀክቱ ቀን ከጉብኝት ክፍያና ከቤተ መጻሕፍት ቀን ጋር በአንድ አንቀጽ ተጨናንቆ ይቀመጣል፤ ወላጅ የሚያልፈውም እዚያ ላይ ነው። ቀኖቹን ለብቻ ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉ። ቀጥሎ ልጅዎን ስለ ሩብሪኩ ይጠይቋት። ሩብሪክ ነጥብ የሚሰጥበት ሰንጠረዥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 4 ይለካል። ቦርሳዋ ውስጥ ከሌለ ለአስተማሪዋ ሁለት መስመር ጽፈው ይላኩ። ሰንጠረዡ ላይ ሦስት ወይም አራት ረድፎች ያገኛሉ፦ እውነታና ማስረጃ፣ የአንቀጽ አደረጃጀት፣ ሰዋስውና የቃላት አጻጻፍ፣ አንዳንዴም አቀራረብ። የእጅ ሥራው ቢበዛ አንዱን ረድፍ ይይዛል። ቤተሰቡ ግን ቅዳሜና እሑዱን በአይስክሬም እንጨት ቤት ሲሠራ ይውልና ጽሑፉ እሑድ ማታ በአንድ ሰዓት ይጻፋል። ነጥቡ የሚፈሰው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። «ማሳቹሴትስን መርጫለሁ» ማለት ገና አለመምረጥ ነው። ከ1620 እስከ 1776 ድረስ 156 ዓመት አለ፤ በመነሻው ያለው ሕይወትና በመጨረሻው ያለው አይመሳሰልም። ልጅቷ አንድ ከተማ፣ አንድ ዓመትና አንድ ሥራ ትያዝ። ሦስቱ ከተያዙ ምን ይበላ ነበር፣ ማን ያስተዳድር ነበር፣ ከየት ምን ይመጣ ነበር የሚሉት ጥያቄዎች መልሳቸው ራሱ ይጠባል።

ቦስተን 1721፣ የማተሚያ ቤት ተለማማጅ እንበል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጣ መርከብ ፈንጣጣ ይዞ ገባ። ወደ 11,000 ከሚገመተው ነዋሪ ወደ 6,000 የሚሆነው ታመመ፤ 844 ሰው ሞተ። በባርነት ተይዞ የነበረ ኦኔሲመስ የሚባል አፍሪካዊ፣ በተወለደበት አገር ከታማሚ ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛን ቆዳ በመጫር ማስገባት እንደሚያድን ለፓስተር ኮተን ማዘር ነግሮት ነበር። ሐኪሙ ዛብዲየል ቦይልስተን ሰኔ 26 ቀን የስድስት ዓመት ልጁንና በባርነት ቤቱ የነበሩ ሁለት ሰዎችን በዚህ መንገድ ከተበ። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ከተከተቡት ከ240 በላይ ሰዎች የሞቱት 6 ብቻ ናቸው። በነሐሴ ወር ጄምስ ፍራንክሊን ክትባቱን የሚቃወም ጋዜጣ ማተም ጀመረ፤ ተለማማጁ ያኔ 15 ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሙ ቤንጃሚን ነበር። በዚህ ዓመት ውስጥ በሽታ፣ ንግድ፣ ሃይማኖት፣ ባርነትና ሙያ ሁሉም አሉ፤ ሦስት አንቀጽ ይሞላል፣ ይተርፋልም።

ሌሎች ጥሩ ጥምረቶችም አሉ። ጄምስታውን 1619፦ ሐምሌ 30 የመጀመሪያው የተመራጮች ጉባኤ ተሰበሰበ፤ በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ከአንጎላ የተማረኩ ከሃያ በላይ አፍሪካውያን በእንግሊዝ መርከብ ቨርጂኒያ ደረሱ። ሳቫና 1733፦ ጄምስ ኦግልቶርፕ ሰፋሪዎቹን ይዞ ሲደርስ የያማክሮው (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) መሪ ቶሞቺቺ ተቀበለው፤ ይህች ቅኝ ግዛት ጆርጂያ ናት፣ ከአሥራ ሦስቱም የመጨረሻዋ። ቻርለስተን 1739 ደግሞ ሴት አታሚ አላት፤ ኤልሳቤጥ ቲሞቲ በ1738 መጨረሻ ባሏ ሲሞት የሳውዝ ካሮላይናን ጋዜጣ ራሷ ማሳተሟን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ሥራው የካርድ ሥራ ነው። 3 በ5 ኢንች ካርድ ይግዙ፤ በአንዱ ካርድ አንድ እውነታ ብቻ፣ ከጀርባው የተገኘበት መጽሐፍና ገጽ። ለአንድ አንቀጽ 4 ወይም 5 ካርድ ይበቃል፤ ለሦስት አንቀጽ ወደ 15። ልጆች ካርድ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መገልበጥ ይወዳሉ፤ ይህ ኋላ ጽሑፉ ውስጥ እንዳለ ይገባና የሌላ ሰው ጽሑፍ መቅዳት ተብሎ ይቆጠራል። ካርዱ ላይ ከአምስት ስድስት ቃል በላይ አይፈቀድ። የመጀመሪያው ሳምንት ለምርጫና ለካርዶች፣ ሁለተኛው ለረቂቁ ይሁን። በሦስተኛው ሳምንት አስተማሪዋ ባረመችው ላይ ትሠራለች፤ እጅ ሥራውና ንጹሕ ግልባጩ በአራተኛው ይደርሳሉ። ረቂቁ ሲጻፍ «በቦስተን ኑሮ ከባድ ነበር» ብላ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ «በምን?» ብለው ይጠይቋት። መልሱ ከካርዶቹ አንዱ ላይ ካለ ዓረፍተ ነገሩ ይስተካከላል፤ ከሌለ ይሰረዝ።

ጥያቄ፦ የልጄ አስተማሪ ከድርሰት ይልቅ «የቅኝ ግዛት ዘመን ጋዜጣ» መሥራት ይቻላል ብላለች፤ ልጁም ይህን መረጠ። እውነተኛው ጋዜጣ ምን ይመስል ነበር? ስንት ገጽ፣ ምን ምን ይገባዋል? — አባት፣ ሲያትል

መልስ፦ ልጁ ጥሩ መርጧል፤ ምክንያቱም ጋዜጣ አጭር አጭር ጽሑፍ ስለሆነ የአሥር ዓመት ልጅን አያደክምም። ግን አብዛኛው የክፍል ሥራ ላይ ዘመኑን ሳይሆን የዛሬን ጋዜጣ ነው የምናየው፦ ትልልቅ ርዕስ፣ ፎቶ፣ «ሰበር ዜና»።

በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የመጀመሪያው ጋዜጣ መስከረም 25 ቀን 1690 ቦስተን ላይ ታተመ። አሳታሚው ቤንጃሚን ሃሪስ ነበር። በወር አንዴ ሊወጣ ታስቦ ከአንድ እትም በኋላ ያለ ፈቃድ ታተመ ተብሎ በአገረ ገዥውና በምክር ቤቱ ተዘጋ። ከአራቱ ገጾች ሦስቱ ብቻ ታትመው አራተኛው ባዶ ተተወ፤ አንባቢው የራሱን ዜና በእጁ ጽፎበት ለሌላ እንዲያስተላልፍ። ቀጥሎ የመጣውና የቆየው ሚያዝያ 24 ቀን 1704 የጀመረው የቦስተን ሳምንታዊ ነው። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ጆን ካምቤል ያዘጋጀው ነበር፤ አንድ ቅጠል ወረቀት በሁለት በኩል የታተመ፣ ከራስጌው «በባለሥልጣን ፈቃድ የታተመ» የሚል። የመጀመሪያው እትም የለንደን ወሬ ያለፈው ታኅሣሥ ወር ነበር፤ መርከቡ የሚያመጣው ይህንኑ ስለሆነ የአራት ወር ወሬ እንደ ትኩስ ይነበባል።

ስለዚህ ልጁ የ1704ቱን ቅርጽ ይያዝ፤ አንድ ቅጠል፣ ሁለት ገጽ። 8.5 በ11 ኢንች የሆነ ወረቀት በቁመቱ ሁለት አምድ ይደረግና እያንዳንዱ ወደ 3.5 ኢንች ይስፋ። በእጅ ከተጻፈ በአንድ አምድ ወደ 150 ቃል ይገባል፤ የጋዜጣው ስም የሚይዘውን ቦታ ሲቀንሱ በሁለቱ ገጽ ወደ 500 ቃል ይቀራል። ይህን እንዲህ ይከፋፍለው፦ የከተማው ዜና 150 ቃል፤ በመርከብ የመጣ የውጭ ዜና 100፤ በሐሰት ስም የተጻፈ የአንባቢ ደብዳቤ 120፤ ከ30 ቃል የማይበልጡ ሦስት ማስታወቂያዎች፤ የቀረው የመርከቦች መግቢያና መውጫ ዝርዝር። አስተማሪዋ አራት ገጽ ግድ ካለች ሦስቱን ሞልቶ አራተኛውን ባዶ ይተወው፤ የ1690ው ጋዜጣ ምስክሩ ነው። በማቅረቢያው ቀን የክፍል ጓደኞቹ ዜና ይጻፉበት። ከእጅ ሥራ ይልቅ ይህ ባዶ ገጽ ሳይሻል አይቀርም።

የሐሰት ስም ደብዳቤ የወቅቱ ልማድ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ16 ዓመቱ፣ በ1722፣ ራሱን መካከለኛ ዕድሜ ያላት ባልቴት አስመስሎ አሥራ አራት ደብዳቤ ጽፎ በማተሚያ ቤቱ በር ሥር በሌሊት ያስገባ ነበር፤ ወንድሙም ማን እንደጻፈው ሳያውቅ አተማቸው። ለልጁ ይህን ይንገሩት፤ ደብዳቤው በራሱ ይጻፋል።

ማስታወቂያዎቹ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። የጠፋ ፈረስ፣ አዲስ የመጣ ጨርቅ፣ ተለማማጅ የሚፈልግ አታሚ፣ የጠፋ ሰዓት ለመለሰ ወሮታ፤ እነዚህ ሁሉ ይሆናሉ። ቤንጃሚን በ1723 ከወንድሙ ጠፍቶ ፊላዴልፊያ ሲገባ ጄምስ ያሳተመው ማስታወቂያ «ደህና ልጅ ለተለማማጅነት እፈልጋለሁ» የሚል ነበር። የሰው ሽያጭ ማስታወቂያ ግን በእውነተኞቹ ጋዜጦች ላይ የበዛ ቢሆንም ልጅ ፈጥሮ እንዲጽፈው አይደረግም። መታወቅ ካለበት እውነተኛው ማስታወቂያ ተጠቅሶ በታሪክ አንቀጽ ይተንተን።

ነጥብ የሚያስቀንሱትን እንዘርዝር። ርዕስ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ የከተማና የቀን ስም ብቻ («ቦስተን፣ ሐምሌ 10»)። ሥዕል የለም ማለት ይቻላል፤ ማስታወቂያ አጠገብ የምትቀመጥ ትንሽ የእንጨት ቅርጽ መርከብ ትፈቀዳለች። በቅኝ ግዛቶቹ ጋዜጣ የመጀመሪያው የፖለቲካ ካርቱን የሚባለው፣ የተቆራረጠው እባብ፣ ግንቦት 9 ቀን 1754 ነው የወጣው፤ ከዚያ በፊት ባለ ዓመት ጋዜጣ ላይ ካርቱን ከታየ አስተማሪዋ ታስተውላለች። ገንዘቡ ዶላርና ሳንቲም ሳይሆን ፓውንድ፣ ሺሊንግና ፔንስ ነው፤ 12 ፔንስ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ። «ፕሬዚዳንት»፣ «ስቴት»፣ «ዩናይትድ ስቴትስ» የሚሉት ከ1776 በፊት አይገቡም፤ ንጉሥ፣ አገረ ገዥ፣ ቅኝ ግዛት ይባል። ኤፍ የሚመስለውን ረጅሙን ኤስ መጠቀም ከወደደ በቃሉ መጀመሪያና መካከል እንጂ መጨረሻ ላይ አይገባም፤ ለጋዜጣው ስምና ለአንድ ማስታወቂያ ይበቃዋል፣ ጠቅላላውን እንዲህ ከጻፈው ማንም አያነብለትም።

ጥያቄ፦ ወረቀቱን በሻይ ቀብቶ ማስረጀት እንዴት ነው? ባለፈው ጊዜ የታተመው ጽሑፍ በሙሉ ፈሰሰብን። — እናት፣ ዳላስ

መልስ፦ የፈሰሰው ከኢንክጄት ማተሚያ ስለወጣ ነው፤ ቀለሙ በውሃ ይሟሟል። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፦ መጀመሪያ ይቀባ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በእስክሪብቶ ይጻፍ። በሌዘር ማተሚያ የታተመ ከሆነ ጽሑፉ ስለማይሟሟ በስፖንጅ በላዩ ላይ መቀባት ይቻላል።

በሁለት ኩባያ የፈላ ውሃ አምስት ከረጢት ጥቁር ሻይ ለ15 ደቂቃ ይዘፍዝፉና ያቀዝቅዙት። ጠርዝ ባለው የመጋገሪያ ትሪ ላይ ወረቀቱን አንድ በአንድ አስተኝተው ሻዩን ያፍሱበት፤ አምስት ደቂቃ ይቆይ። ትርፉን ደፍተው በ200 ዲግሪ ፋራናይት ምድጃ ውስጥ ጠርዙ መታጠፍ እስኪጀምር አምስት ስድስት ደቂቃ ያድርቁት፣ ወይም ሌሊቱን ፎጣ ላይ ይደር። ሁለት ሦስት ወረቀት ደርበው አይንከሩ፤ ሲለያዩ ይቀደዳሉ። የተጨማደደውን ከከባድ መጽሐፍ ሥር ያሳድሩት። የተቀባ ወረቀት ማተሚያ ውስጥ አያስገቡ፣ ይቀረቀራል። ጠርዙን በክብሪት መለብለብ ደግሞ ይቅር፤ አመዱ የጓደኞቹን ወረቀት ያቆሽሻል፣ እሳቱም የልጅ ሥራ አይደለም።

ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ፣ በ1721 ከማተሚያ የወጣ ጋዜጣ ቡናማ አልነበረም። ከአሮጌ የተልባ እግር ጨርቅ የተሠራ ነጣ ያለ ወረቀት ነበር፤ ያረጀው እኛ ጋ ሲደርስ ነው። ልጁ ይህን በማቅረቢያው ቀን ተናግሮ ነጭ ወረቀት ቢያቀርብ ይበልጥ ያስመሰግነዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ በክፍሏ ውስጥ ያለች ብቸኛ ጥቁር ተማሪ ናት። ሳውዝ ካሮላይና በዕጣ ደረሳትና «በእርሻው ላይ የምትኖር ልጅ ማስታወሻ» እንድትጽፍ ተሰጣት። እሷም «እኔ ባሪያዋን ልሁን?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ላድርግ? — እናት፣ ስማችን ይቆይ ያሉ

መልስ፦ ዛሬውኑ ለአስተማሪዋ ይጻፉ፤ ረቂቁ እስኪገባ አይጠብቁ። ደብዳቤው ሦስት ነገር ይያዝ፦ ልጅዎ የጠየቀችውን በራሷ ቃል፤ በባርነት የተያዘ ሰውን ወይም ባለቤቱን መስሎ መጻፍ ወይም መተወን እንደማይስማሙበት፤ በምትኩ የሚያቀርቡትን አማራጭ። አማራጭ ያለው ደብዳቤ ቶሎ መልስ ያገኛል፤ ለአስተማሪዋ አዲስ ሥራ አይጨምርባትማ።

አማራጩ ጉዳዩን መሸሽ አይሁን። ሳውዝ ካሮላይና የሩዝ አገር ነበረች፤ ከ1708 ገደማ ጀምሮ በባርነት የተያዙት አፍሪካውያን ከነጮቹ በቁጥር ይበልጡ ነበር፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሩዝ ማልማት ከሚታወቅበት የምዕራብ አፍሪካ ክፍል የተወሰዱ ናቸው። ልጅቷ ስለዚህ በሦስተኛ መደብ፣ በማስረጃ ትጻፍ። ታሪክ ላይ ስማቸው የተመዘገበ ሰዎችም አሉ። አንቶኒ ጆንሰን በ1621 «አንቶኒዮ» ተብሎ ቨርጂኒያ ገብቶ፣ ነፃ ወጥቶ፣ በ1651 የ250 ኤከር መሬት ባለይዞታ ሆነ። ቬንቸር ስሚዝ ከአፍሪካ በልጅነቱ ተወስዶ በኮነቲከት ኖረ፤ በ1765 በራሱ ገንዘብ ነፃነቱን ገዛ፣ ኋላም ሚስቱንና ልጆቹን። ፊሊስ ዊትሊ በ1761 ሰባት ወይም ስምንት ዓመቷ ሳለ ቦስተን ላይ ተሸጠች፤ በ1773 የግጥም መጽሐፏ ለንደን ላይ ታተመ። ሳውዝ ካሮላይናን ካልለወጡላት ደግሞ በባርነት የተያዙ ሰዎች ያነሱት የ1739ኙ የስቶኖ አመጽ አለ።

ከጓደኞቿ አንዱ «ባርነት የደቡብ ብቻ ነበር» ካላት ደግሞ መልሱን ትያዘው። አሥራ ሦስቱም ቅኝ ግዛቶች ባርነት ነበረባቸው፤ ማሳቹሴትስ በ1641 በሕጓ ውስጥ አስገብታዋለች። ቨርጂኒያ በ1662 ልጅ ባሪያ ወይም ነፃ መሆኑ የእናቱን እንዲከተል ደነገገች። ጆርጂያ መጀመሪያ ከልክላ በ1751 ፈቀደች።

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴን እየረዳኋት ነው። አንዱ መጽሐፍ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጥር 6 ቀን 1705 ተወለደ ይላል፣ ሌላው ጥር 17 ቀን 1706። የቱ ነው ልክ? — የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ አትላንታ

መልስ፦ ሁለቱም። ብሪታንያና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ በጁልየስ አቆጣጠር ነበሩ፤ ዓመቱም የሚለወጠው መጋቢት 25 ቀን ነበር። ስለዚህ ጥር ገና የ1705 ነበር። በ1752 ወደ ጎርጎርዮሳዊው ሲዞሩ መስከረም 2 ረቡዕ ሆኖ አደረና ሐሙስ መስከረም 14 ሆነ፤ 11 ቀን ተዘለለ። ሁለት አቆጣጠር እየኖረ ላደገ ሰው ይህ አይከብድም። እህትህ ከ1752 በፊት ከጥር 1 እስከ መጋቢት 24 ያለ ቀን ካጋጠማት ሁለቱንም ዓመት በእዝባር ትጻፈው፤ 1705/6 ብላ። የዘመኑ ሰዎችም እንዲሁ ይጽፉ ነበር። ከምንጮቿ አንዱን መርጣ እስከ መጨረሻው በዚያው ትሂድ፤ መቀላቀሉ ነው የሚያስቀጣት።

ጥያቄ፦ ክፍል ውስጥ በፈቃደኝነት ረቂቅ የማንበብ ሥራ ተሰጥቶኛል። ልጆቹ በብዛት የሚሳሳቱት ምን ላይ ነው? — አክስት፣ ዴንቨር

መልስ፦ ዋናው መደባለቅ ነው። በ1620 በሜይፍላወር ፕሊመዝ የደረሱት 102 ተሳፋሪዎችና በ1630 ከጆን ዊንትሮፕ ጋር ቦስተን የመሠረቱት ፒዩሪታኖች (የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ማጥራት የፈለጉ ክርስቲያኖች) አንድ ቡድን አይደሉም። ጄምስታውን፣ 1607፣ የመጀመሪያው ዘላቂ የእንግሊዝ ሰፈር ነው እንጂ የመጀመሪያው የአውሮፓውያን ሰፈር አይደለም፤ ስፔኖች ፍሎሪዳ ውስጥ ሴንት ኦገስቲንን በ1565 መሥርተዋል።

የግንድ ጎጆ ፕሊመዝ ውስጥ ካዩ ያስወጡት። የግንድ ቤት ያመጡት ከ1638 ጀምሮ ደላዌር ወንዝ አካባቢ የሰፈሩ ስዊድኖችና ፊኖች ናቸው፤ የፕሊመዙ በሳንቃ የተለበጠ፣ ሣር ክዳን ቤት ነበር። ጥቁር ልብስና ዘለበት ያለው ባርኔጣም የኋለኞቹ ሠዓሊዎች ፈጠራ ነው፤ በሟቾች የንብረት መዝገብ ላይ ቀይም፣ ሰማያዊም፣ አረንጓዴም ልብስ አለ። በ1621ዱ የፕሊመዝ የመከር ግብዣ ድንች አልነበረም። ሦስት ቀን የቆየ ሲሆን የነባሩ የዋምፓኖዋግ ሕዝብ መሪ ማሳሶይት ይዟቸው የመጣው ወደ 90 የሚሆኑ ወንዶች አምስት አጋዘን አድነው አቅርበዋል፤ ከሰፋሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ግን በመጀመሪያው ክረምት ሞተው ነበር። ማሳቹሴትስ፣ ሴለም ውስጥ በ1692 ጠንቋይ ተብሎ የተቃጠለ ሰው የለም፤ 19 ተሰቀሉ፣ አንድ ሰው ደግሞ በድንጋይ ተጭኖ ሞተ።

ሲያርሙ መልሱን አይጻፉላቸው። ጥርጣሬ ባለበት ዓረፍተ ነገር ኅዳግ ላይ «የት? በስንት ዓመት?» ብለው ይተዉት። የፊደል ግድፈት ላይ እስክሪብቶ ከማንሳት ይልቅ ይህ ነው አስተማሪዋን የሚያግዛት።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ልጄን ምን ያህል ልረዳው? ኮምፒውተሩ ራሱ ሲጽፍለትም አየሁ። — አባት፣ አሌክሳንድሪያ

መልስ፦ በአማርኛ ይርዱት። ካርዶቹን ዘርግቶ ታሪኩን በአማርኛ ይተርክልዎ፤ ግራ የገባዎ ቦታ ሁሉ አንቀጹም የሚጎድለው ቦታ ነው። ቃሉን በእንግሊዝኛ መምረጥ የእሱ ሥራ ይሁን። ኮምፒውተር የጻፈውን አስተማሪ የምትለየው በቀላሉ ነው፦ ቃላቱ ከልጁ የክፍል ጽሑፍ በላይ ይሆናሉ፣ ዓመትና ቦታ ግን የላቸውም፣ ወይም የሌለ መጽሐፍ ይጠቅሳሉ። ካርዶቹንና ረቂቁን አይጣሉ፤ ጥያቄ ከተነሳ ሥራው የእሱ መሆኑን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ለክፍል ዜናውም ሆነ ለወላጅ ስብሰባ ልጁን አስተርጓሚ አያድርጉት። ለትምህርት ቤቱ ቢሮ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብለው በጽሑፍ ያስታውቁ፤ በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የትምህርት ቢሮዎች አማርኛን የለመዱት ነው፤ ዲሲም በ2004 የወጣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት።

ጥያቄ፦ የፕሮጀክቱ ቀን የልጆቹ ፎቶ በክፍሉ ዜና ላይ ይወጣል ተብሏል። የልጄ ፎቶና ስም እንዲወጣ አልፈልግም። — እናት፣ ሚኒያፖሊስ

መልስ፦ መብትዎ ነው። የ1974ቱ የፌዴራል የትምህርት መዛግብት ሕግ ትምህርት ቤቱ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ሊያወጣቸው የሚችላቸውን መረጃዎች፣ ስምና ፎቶን ጨምሮ፣ ወላጅ እንዲከለክል ይፈቅዳል። ቅጹ በዓመቱ መጀመሪያ ከሚመጡት ወረቀቶች አንዱ ነው፤ ካለፈዎ ከቢሮው ጠይቀው አሁንም ይሙሉት፣ ለአስተማሪዋም ለብቻዋ አንድ መስመር ይላኩላት፤ ቢሮው የያዘው ቅጽ ፎቶ የምታነሳው ሰው ጋ ላይደርስ ይችላል። ልጁ ከማቅረቢያው እንዳይቀር፣ ፎቶው ከልጁ ይልቅ ሥራውን ብቻ እንዲያሳይ ይጠይቁ። ሌሎች ወላጆች በስልካቸው የሚያነሱት ግን በዚህ ቅጽ አይከለከልም፤ ለእሱ አስተማሪዋ ከዝግጅቱ በፊት እንድትናገር አስቀድመው ያነጋግሯት።